በቦርሳችን ውስጥ የተጓዘው ጠብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ሆነን በአውቶቡስ ናይሮቢ ወረድን። «ወረድን» ስንል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ፣ እንደ ዔሊ ቤታችንን በጀርባችን አዝለን፣ እግራችን አብጦ ጫማ አልገባ እስኪለን ድረስ ነው። ለጉዞው ስንሰናዳ ከካርታ ይልቅ የሰበሰብነው ምክር ነበር። አንዱ አጎታችን «እዚያ አገር ሌባው ከዓይን ላይ ኩል ይሰርቃል» አሉን። አንድ የሰፈር ልጅ ገንዘባችንን በሦስት ካልሲ ከፋፍለን እንድንይዝ አስተማረን። የአንዳችን እናት ደግሞ «የሰው አገር ምግብ እንዳትነኩ፣ ልጆቼ» ብለው በትልቅ ምሳ ዕቃ ፍርፍር ቋጠሩልን።

ናይሮቢ በገባን ማግስት ማታቱ ተሳፈርን (የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ ነው)። ገና ከመቀመጣችን ረዳቱ የአንዳችንን ቦርሳ ብድግ አድርጎ ወደ ሹፌሩ አሳለፈው። ይኸው! አጎታችን ምን ብለው ነበር? ሦስታችንም ተነሣን። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጮኽን፣ ሲብስብን ወደ አማርኛ ዞርን። ረዳቱም በስዋሂሊ መለሰልን። ይህን ጊዜ ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው የአንዳችንን ትከሻ ነካ አደረጉና «ፖሌ» አሉ። ፖሊስ! ሴትዮዋ ፖሊስ ሊጠሩብን ነው! በሦስቱም ካልሲ ያለው ብር አብሮን አላበው።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠ አንድ ወጣት ሳቁን እየዋጠ በእንግሊዝኛ አስረዳን። ቦርሳችን የሰው ወንበር ይዞ ስለነበር ረዳቱ ከሹፌሩ ጎን አስቀመጠልን። «ፖሌ» ማለት ደግሞ ሰው ሲደናቀፍ ወይም ሲቸገር የሚባል ቃል ነው፤ እኛ «እኔን!» እንደምንለው ያለ። አሮጊቷ እናት ያዘኑልን ስለደነገጥን ነበር። ቁጭ አልን። አንገታችንን የምናስገባበት ዛጎል ግን አልነበረንም።

በዚያው ሌሊት ሦስታችንም በአንድ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ተራ ስንጠብቅ አደርን። ጥፋተኛው የናይሮቢ ምግብ አልነበረም፤ ገና አልቀመስነውም። ጥፋተኛው በሙቀት ሁለት ቀን ከቦርሳ ሳይወጣ የከረመው የእናታችን ፍርፍር ነበር።

ከተመለስን በኋላ ይህን ታሪክ ለስንት ሰው እንዳወራን አንቆጥረውም። እያወራን ግን አንድ ጥያቄ አልለቀን አለ። ሰው ቦርሳውን አዝሎ የሰው አገር ሲሄድ የሚፈራውና የሚደርስበት ለምን አይገጣጠሙም? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ስንሄድ ቦርሳ አዝሎ መጓዝ ፋሽን ወደሆነበት መንገድ ደረስን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከለንደን እስከ ካትማንዱ

በ1957 ጸደይ ላይ አንድ አውቶቡስ ከለንደን ተነሥቶ ካልካታ ለመድረስ ጉዞ ጀመረ። ስሙ «ኢንዲያማን» ነበር፤ የአንዱ መንገድ ዋጋ 85 ፓውንድ። በዚያው ዓመት በኢስታንቡል፣ ከሰማያዊው መስጊድ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ሁለት ወንድማማቾች «ላሌ» የተባለ ምግብ ቤት ከፈቱ። ፈረንጆቹ ወጣቶች ስሙን መያዝ ቢያቅታቸው ከሚሸጠው ጣፋጭ ተነሥተው «ፑዲንግ ሾፕ» አሉት፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ግድግዳው ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቀለ። «ወደ ዴልሂ የሚሄድ መኪና አለን፣ ሁለት ቦታ ይቀራል» የሚል፣ የጠፋ ጓደኛውን የሚፈልግ፣ የተጣላትን ፍቅረኛውን ይቅርታ የሚጠይቅ ሁሉ ወረቀቱን እዚያ ይለጥፍ ነበር። እንግዲህ ፌስቡክ ሳይኖር ፌስቡክ ማለት ይህ ነው።

ከኢስታንቡል ቴህራን፣ ከቴህራን ሄራት፣ ከዚያ ካንዳሃርና ካቡል፣ በኻይበር በር አልፎ ላሆር፣ ከላሆር ዴልሂ፣ መጨረሻው ካትማንዱ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ጸጉራቸውን ያሳደጉ ወጣቶች በዚህ መንገድ ነጎዱ። «የሂፒዎች መንገድ» የተባለው ይህ ነው። ካቡል ላይ «ቺክን ስትሪት»፣ ካትማንዱ ላይ «ፍሪክ ስትሪት» የተባሉት መንገዶች የእነሱ ፒያሳ ነበሩ።

በ1972 አንድ እንግሊዛዊና አንዲት የሰሜን አየርላንድ ተወላጅ፣ ቶኒና ሞሪን ዊለር፣ በአሮጌ ሚኒ ቫን ከለንደን ተነሡ። ካቡል ላይ መኪናዋን ሸጧት። በእግር፣ በአውቶቡስ፣ በባቡርና በጀልባ እያሉ ሲድኒ ሲገቡ የሁለታቸው ኪስ ተደምሮ 27 ሳንቲም ቀርቶት ነበር። ሰው ሁሉ «እንዴት ደረሳችሁ?» እያለ ቢያሰለቻቸው በ1973 መልሱን በቀጭን መጽሐፍ ጽፈው፣ ራሳቸው እየሰፉና እየጠረዙ ሸጡት። ዛሬ በየቱሪስቱ ብብት ሥር የሚታየው «ሎንሊ ፕላኔት» የተወለደው እንዲህ ነው። ስሙስ? ቶኒ ጆ ኮከር በዘፈነው አንድ ዘፈን ውስጥ ያለውን «ላቭሊ»፣ ማለትም «ውብ» የሚል ቃል «ሎንሊ»፣ ማለትም «ብቸኛ» ብሎ ሰምቶ ነበር። የዓለም ትልቁ የተጓዦች መጽሐፍ ስሙን ያገኘው በጆሮ ስህተት ነው! «ፖሌ»ን «ፖሊስ» ብለን በመስማታችን አፍረን የነበርነው ሰዎች ይህን ስናነብ ትንሽ ቀና አልን።

ሽጉጥና ድመት

ከዊለሮቹ ቀድማ መንገዱን የጀመረች አንዲት ሴት ነበረች። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ በአሥረኛ ዓመት ልደቷ ቢስክሌትና አትላስ ተሰጣት፤ በዚያው ሰሞን በቢስክሌት ህንድ እንደምትሄድ ወሰነች። የታመሙ እናቷን ስታስታምም ኖራ በ1963 ክረምት፣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ላይ፣ «ሮዝ» ብላ የሰየመቻትን ቢስክሌት ይዛ ብቻዋን ወጣች። ቦርሳዋ ውስጥ ሽጉጥ ነበር።

እውነቱን እንናገር። ሽጉጡ ሥራ ፈትቶ አልተመለሰም። ዩጎዝላቪያ በረዶ ውስጥ ተኩላዎች መጡባት፣ ተኮሰች። ኢራን ውስጥ ሌቦችን አስፈራራችበት። ስለዚህ «ፍርሃት ሁሉ ውሸት ነው» የሚል ስብከት ከእኛ አትጠብቁ። ግን አፍጋኒስታን ላይ የደረሰባትን ተመልከቱ። ሰው ሁሉ «ትገደያለሽ» ያላት አገር ነው። እዚያ የተጎዳችው አውቶቡስ ተሳፍራ ሳለች የጠመንጃ ሰደፍ ጎኗን መትቷት ነው። ሦስት የጎን አጥንቷ ተሰነጠቀ። ትንሽ አገገመችና ጉዞዋን ቀጠለች። ስለ አፍጋኖች ከጻፈችው ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ፍቅር ነው።

ይህች ሴት እኛንም ታውቀናለች። በ1966 መጨረሻ መጥታ ዕቃዋን በበቅሎ ጭና ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ በእግሯ ተጓዘች። የዛሬ ልጅ ከቦሌ መገናኛ ራይድ ካልመጣለት የሚቆጣበትን አገር በዚያ ዳገትና ቁልቁለት ማለት ነው። በመንገድ ላይ መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች አስቸግረዋት ነበር፤ ቤታቸውን ከፍተው ያሳደሯት ገበሬዎችም ነበሩ። መጽሐፏ በ1968 ወጣ። ደርቭላ ዘጠና ዓመት ኖራ በ2022 ዐረፈች። በሕይወትሽ የደረሰብሽ ከሁሉ የከፋ አደጋ የቱ ነው ስትባል የምትጠቅሰው ተኩላውን አልነበረም፤ ሽፍታውንም አልነበረም። የገዛ ቤቷ ውስጥ ድመቶቿ አደናቅፈዋት ወድቃ ግራ ክንዷ የተሰባበረበትን ቀን ነበር።

እኛ ደግሞ ፍርፍር አለን።

ማልታ ላይ የተቀረጸችው ቱርክ

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። በፍርሃት ብቻ የተወለደ ጠብ የሚጎዳው ማንን ነው?

በ1970 ጥቅምት አሜሪካዊው ወጣት ቢሊ ሄይስ ኢስታንቡል አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሁለት ኪሎ ያህል ሐሺሽ በገላው ላይ አስሮ ሲወጣ ተያዘ። አራት ዓመት ከሁለት ወር ተፈረደበት። ሊፈታ ሳምንታት ሲቀሩት ፍርዱ ተሻረና ክሱ ወደ ማዘዋወር ተቀይሮ ረጅም እስራት ተበየነበት። እውነተኛ መከራ ነው፤ የምንቀልድበት ነገር የለም። በ1975 ከታሰረበት የኢምራሊ ደሴት በትንሽ ጀልባ ቀዝፎ አመለጠ፣ እያሳበረ ግሪክ ገባ፣ መጽሐፍ ጻፈ።

ከዚያ ሆሊውድ መጣ። በ1978 «ሚድናይት ኤክስፕረስ» የሚባለው ፊልም ወጣ። ቱርክ ውስጥ መቅረጽ ስላልተቻለ የተቀረጸው ማልታ ላይ ነው። በጀልባ ቀዝፎ ያመለጠው ሰው በፊልሙ ጠባቂ ገድሎ፣ የጠባቂውን ዩኒፎርም ለብሶ ይወጣል። የሰው ምላስ በጥርሱ ነክሶ ይቆርጣል። ፍርድ ቤት ቆሞ ሕዝቡን በሙሉ ይረግማል። በፊልሙ ውስጥ አንድ ደግ ቱርክ ፈልገን አጣን። ፊልሙ ሁለት ኦስካር ተሸለመ፤ አንዱ ኦሊቨር ስቶን ለጻፈው የፊልም ጽሑፍ ነበር።

ውጤቱን ገምቱት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ኢስታንቡል የሚሄድ ተጓዥ ሁሉ ያንን ፊልም በጭንቅላቱ ይዞ ነበር የሚሄደው። ሻይ ሊጋብዘው የሚጠራው ነጋዴ ወጥመድ ይመስለዋል፤ የትራፊክ ፖሊሱ ገራፊ ይመስለዋል። ማልታ ላይ በካሜራ የተፈጠረ ጠብ ኢስታንቡል ላይ ምንጣፍ ከሚሸጥ ሰው ጉሮሮ እንጀራ ነጠቀ። ስቶን ፊልሙን አጋንኖ በመጻፉ ይቅርታ የጠየቀው በ2004 ነው። ሄይስ ራሱ በ2007 ኢስታንቡል ተመልሶ ፊልሙ በቱርኮች ላይ ስላደረሰው በደል ይቅርታ ጠየቀ። ልብ በሉ፤ የታሰረው እሱ ነው፣ ይቅርታ የጠየቀውም እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ይቅርታ ግን ዘግይቶ የደረሰ ደብዳቤ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ከማንም በላይ መረዳት አለብን። በአንድ ዘመን የተነሣ አንድ የረሃብ ፎቶግራፍ ስንት ዓመት በእንግዳ ጭንቅላት ውስጥ እንደኖረ እናውቃለን። «ኢትዮጵያ ሬስቶራንት አለ እንዴ?» ተብሎ ያልተጠየቀ የእኛ አገር ልጅ በውጭ አለ?

መድኃኒት የሰጠው ጓደኛ

የሂፒዎች መንገድ ገዳይ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ነበረው። ተጓዦቹ ዓይናቸውን ተራራው ላይ ተክለው ሽፍታ ሲጠብቁ ገዳዩ አጠገባቸው ተቀምጦ ሻይ ይጋብዛቸው ነበር።

ቻርልስ ሶብራጅ ይባላል። በ1944 ሳይጎን ውስጥ ከህንዳዊ አባትና ከቬትናማዊት እናት ተወልዶ በፈረንሣይ ዜግነት ያደገ፣ መልከ ቀና፣ ቋንቋ አዋቂ፣ የከበረ ድንጋይ ነጋዴ ነኝ ባይ። ተጓዦቹን በየሆቴሉ ይተዋወቃል፣ ይረዳል፣ ቤቱ ያሳርፋል። ከዚያ ያደነዝዛቸዋል፣ ይዘርፋቸዋል፣ ይገድላቸዋል። በሟቾቹ ፓስፖርት ድንበር ያቋርጥ ነበር። በ1975 መጨረሻ ሁለት ወጣት ሆላንዳውያን ታይላንድ ላይ ተገድለው ሲገኙ ጉዳዩን ሙጭጭ ብሎ የያዘው ባንኮክ በሚገኘው የሆላንድ ኤምባሲ ይሠራ የነበረ ኸርማን ክኒፐንበርግ የሚባል ወጣት ዲፕሎማት ነበር።

ሶብራጅ እንዴት ተያዘ? በ1976 ዴልሂ ውስጥ የፈረንሣይ ተማሪዎች ቡድን ተወዳጀና ክኒን አደላቸው። የምን ክኒን? የተቅማጥ መከላከያ! በየመመሪያው «ውኃው ያሳምማል» እየተባሉ ያደጉ ልጆች የባሕር ማዶ ጓደኛቸው የሰጣቸውን ክኒን ያለ ጥያቄ ዋጡ። ማደንዘዣው ከታሰበው ቀድሞ ሥራውን ጀመረና እዚያው ተራ በተራ መውደቅ ጀመሩ፤ ያልወደቁት ነቅተው ያዙት። ህንድ ውስጥ እስከ 1997 ታሰረ። በ2003 ኔፓል ላይ እንደገና ተይዞ የዕድሜ ልክ ፍርድ ተቀበለ፣ በ2022 ታኅሣሥ ተፈታ።

ይህን ታሪክ ስናነብ ጸጉራችን ነው የቆመው። የተጓዦቹን ፍርሃት በእጁ እንደያዘው መሣሪያ ተጠቀመበት። የአገሬውን ውኃ የፈራ ሰው «የራሴ ወገን» ከሚለው ሰው እጅ መርዝ ይቀበላል።

መንገዱን የዘጋው ማን ነው?

በመጨረሻ መንገዱ ተዘጋ። የዘጋው ሽፍታ አይደለም፣ ተኩላም አይደለም፣ የወፍ በሽታም አይደለም (ብዙዎቹን የጣላቸው እሱ ቢሆንም)። በ1973 ኔፓል የሐሺሽ ንግድን ከለከለች። በ1978 ሚያዝያ ካቡል ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሆነ። በ1979 መጀመሪያ የኢራን ሻህ አገር ጥሎ ወጣ፣ አብዮቱ ገባ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን ዘለቀ። ከኢስታንቡል ካትማንዱ በመኪና እየዘፈኑ መሄድ አበቃ።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ምናባዊ ጠብ መጨረሻ እውነተኛው ጠብ ሲመጣ ማን ቀረ? ተጓዡ አይደለም። ተጓዡ ሌላ መንገድ አገኘ፤ ታይላንድ ሄደ፣ ባሊ ሄደ። የቀረው የቺክን ስትሪት ባለሱቅ ነው። «ያርደኛል» ተብሎ የተፈራው ሰው ልጆቹን ይዞ የሚሸሽበት ቪዛ አልነበረውም።

ይህንን ጫፍ ደግሞ እኛ ከውስጥ እናውቀዋለን። በ2012 ጥር ኤርታሌ ላይ አምስት ቱሪስቶች ተገደሉ፤ ያኔ የፈሩ ሰዎች ያለ ምክንያት ፈሩ አንልም። በ2020 ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር የአክሱም፣ ቆይቶም የላሊበላ ሆቴሎች ባዷቸውን ቀሩ። ፈረንጁ ተጓዥ የጉዞ ፕሮግራሙን ሰረዘ። የላሊበላ አስጎብኚ ግን ሕይወቱን የሚሰርዝበት ቁልፍ አልነበረውም።

ስለዚህ የምንለው «አትፍሩ» አይደለም። የምንለው ፍርሃታችሁን ከመንገዱ ተማሩት እንጂ ከቤት ቋጥራችሁ አትሂዱ ነው። ከቤት የተቋጠረ ፍርሃት ሁለት ጥፋት አለው። አንደኛ፣ አሳቢውን ሰው ሌባ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ እውነተኛው ሌባ ሲመጣ ዓይናችሁ ሌላ ቦታ ነው።

አንድ ነገር ብለን እናብቃ። ጎንደር ወይም ላሊበላ ቦርሳውን አዝሎ የሚሄድ ፈረንጅ ከኋላው «ዩ! ዩ! ዩ!» የሚል የልጆች ሠራዊት ሲሰማ ምን ይመስለው ይሆን? ደጋግመን አይተናል። አንገቱን ይቀብራል፣ እርምጃውን ያፈጥናል፣ ቦርሳውን ወደ ደረቱ ያዞራል። ልጆቹ የሚያውቁትን ብቸኛ እንግሊዝኛ ነው የሰጡት! እሱ ግን በዚያች ደቂቃ ማታቱ ውስጥ ያለን እኛን ነው። እሱ ጋ ፖሊስ ነው የተሰማው።

እናም በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ፒያሳ ላይ ተደናግጦ ቆሞ ካያችሁ ጠጋ በሉና ትከሻውን ነካ አድርጉት። እንግሊዝኛው ካልመጣላችሁ ግድ የለም። «እኔን!» በሉት። ባይገባውም ይገባዋል።

እኛ ደግሞ ለሚቀጥለው ጉዞ ቦርሳ እያሰናዳን ነው። እናታችን ዘንድሮም «ምን ልቋጥርላችሁ?» ብለው ነበር። ጩኮ ብለናቸዋል። ጩኮ አይበላሽም።

ሰላም ያግባን!